ሙት ጽሕፈት ያስነሣ ሰው የተወለደባት ከተማ

የፈረንሳይን አገር የሚጐበኝ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ፓሪስን ነው። ፓሪስን ያየም ሰው ብዙውን ጊዜ ፈረንሳይን አየሁ ብሎ ወደ አገሩ ይመለሳል። እኛም ባለፈው ሐምሌ፣ በአገራችን ክረምት በእነርሱ ግን በጋ በሆነበት ወራት፣ ለጥቂት ቀናት ጉዳይ ፓሪስ ደርሰን ሳለን ይኸው ስሕተት ሊደርስብን ነበር። ነገር ግን ከጉዳያችን ሁለት ቀን ተርፎን ስለ ነበረ፣ ገጠሩን ሳያዩ መመለስ የቤቱን ደጃፍ አይቶ ጓዳውን ሳያዩ እንደ መሄድ ይቈጠራል ብለን፣ ፊዣክ ወደምትባል ትንሽ ጥንታዊት ከተማ ለመሄድ ቈረጥን። ስለምን ፊዣክን እንደ መረጥን ወደ በኋላ እንናገራለን። አንባብያን እንዳይሳሳቱ ግን፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከፓሪስ አውስተርሊትዝ ከሚባለው የባቡር ጣቢያ በጧት ተነሥተን፣ ከአራት ሰዓት በላይ ወደ ደቡብ ከተጓዝን በኋላ፣ ብሪቭ በምትባል ከተማ ወርደን ሌላ አነስተኛ ባቡር ያዝን። ይህ ትንሽ ባቡር እንደ ትልቁ አይቸኵልም። በየመንደሩ ይቆማል፤ አንዲት አሮጊት ከነዘንቢላቸው ያወርዳል፤ ሁለት ተማሪዎች ያሳፍራል፤ ደግሞም ይቀጥላል። በመስኰቱ በኩል የሚታየው አገር ድንጋያማ ነው። አጫጭር የዋርካ ዘመድ የሚመስሉ የባሉጥ ዛፎች፣ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ የተካቡ የድንጋይ አጥሮች፣ በአጥሮቹም ውስጥ የሚሰማሩ ነጫጭ በጎች ይታያሉ። የእነዚህ በጎች ዓይን ዙሪያው ጥቁር ስለ ሆነ ሁሉም የፀሐይ መነጽር ያደረጉ ይመስላሉ። አጥሩን ስናይ የሰሜን ሸዋና የትግራይ ባላገር ትዝ አለን። ድንጋይ በበዛበት አገር ሁሉ የሰው ልጅ የሚያገኘው መላ አንድ ዓይነት ሳይሆን አይቀርም።

ፊዣክ የምትገኘው በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ሎት በሚባለው አውራጃ ውስጥ፣ በሴሌ ወንዝ ዳር ነው። የሕዝቧ ቍጥር 10,000 ያህል ቢሆን ነው። ሴሌ ትልቅ ወንዝ አይደለም። ወደ ሎት ወንዝ ይገባል፤ ሎትም ወደ ጋሮን፤ ጋሮንም ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይፈስሳል። ሆኖም ትንሹ ወንዝ ለከተማይቱ ያደረገላት ውለታ ትልቅ ነው። ወፍጮዋን ያዞረላት፣ የቆዳ ፋቂዎቿን ቆዳ ያጠበላት እርሱ ነበርና። ድልድዩ ላይ ቆመን ቍልቍል ስንመለከት ውኃው ንጹሕና ጥልቀት የሌለው ሆኖ፣ ዳክዬዎች ከጅረቱ ጋራ እየታገሉ ወደ ላይ ሲዋኙ አየን።

ከተማይቱ የተቆረቈረችው በገዳም ዙሪያ ነው። በ9ኛው ምእተ ዓመት የመድኃኔ ዓለም ገዳም በዚህ ስፍራ ተመሠረተ፤ መነኰሳቱን ተከትሎ ገበሬው፣ ገበሬውን ተከትሎ አንጥረኛው፣ ከዚያም ነጋዴው መጣ። ወደ ስፔን አገር፣ ወደ ቅዱስ ያዕቆብ መቃብር የሚሄደው የተሳላሚዎች መንገድም በዚሁ ስለሚያልፍ፣ መንገደኛው የሚያድርበትና የሚሸምትበት ስፍራ ሆነ። ይህ መንገድ ዛሬም አልጠፋም። እኛ በነበርንበት ዕለት ጀርባቸው ላይ ጓዛቸውን ያዘሉ፣ የተሳላሚ ምልክት የሆነውን የባሕር ዛጎል ያንጠለጠሉ ወንዶችና ሴቶች ምርኵዛቸውን ይዘው ሲያልፉ ተመልክተናል። ከእነርሱም መካከል ሃይማኖተኛው ስንት፣ አገር ለማየት የወጣው ስንት እንደ ሆነ መለየት አይቻልም። ሁሉም ግን እግሩን ያነክሳል።

የፊዣክ ነጋዴዎች ከ12ኛው እስከ 14ኛው ምእተ ዓመት ድረስ እጅግ በለጸጉ። በዚያን ጊዜ የሠሯቸው የድንጋይ ቤቶች እስከ ዛሬ አሉ፤ ሰውም ይኖርባቸዋል። የአሠራራቸው ደንብ ለሁሉም አንድ ነው ለማለት ይቻላል። ምድር ቤቱ በቅስት የተሠራ ሰፊ በር ያለው ሱቅ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ፎቅ በተቀረጹ መስኰቶች ያጌጠ የባለቤቱ እልፍኝ ነው። ከሁሉ በላይ፣ ከጣራው ሥር፣ በአዕማድ ብቻ የተያዘና ግድግዳ የሌለው ሰገነት ይገኛል። በአገሩ ቋንቋ «ሶሌዮ» ይሉታል፤ ፀሐይ የሚገባበት ማለት ነው። እህል፣ ፍራፍሬና ልብስ የሚሰጣው በዚያ ነበር። በመንገዶቹ ጥበት የተነሣ ፀሐይ ምድር ስለማትደርስ ሰዎቹ ቤታቸውን ወደ ፀሐይ አወጡት ማለት ነው።

እነዚህ ቤቶች ሳይፈርሱ የቆዩት በራሳቸው ጥንካሬ ብቻ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፈረንሳይ ከተሞች ውስጥ ያረጀውን ሰፈር አፍርሶ አዲስ ፎቅ መሥራት እንደ ሥልጣኔ ይቈጠር ነበር። በ1962 ዓ.ም. የባህል ሚኒስትሩ አንድሬ ማልሮ አንድ ሕግ አወጡ። ይህ ሕግ አንድን ቤተ ክርስቲያን ወይም አንድን ግንብ ለብቻው ነጥሎ ሳይሆን አሮጌውን ሰፈር በሙሉ፣ ከነመንገዱና ከነተራ ቤቱ፣ እንዲጠበቅ የሚያደርግ ነው። እኚህ ማልሮ በወጣትነታቸው፣ በ1934 ዓ.ም.፣ የንግሥተ ሳባን ከተማ አገኛለሁ ብለው በአውሮፕላን በየመን በረሓ ላይ የበረሩ ሰው መሆናቸውን አንባቢ ቢያውቅ የሚከፋ አይመስለንም። የፊዣክም አሮጌ ሰፈር በዚሁ ዓይነት ሕግ የተጠበቀ ነው። ባለ ቤቱ መስኰቱን ለመለወጥ ቢፈልግ ማስፈቀድ አለበት።

ከተማይቱ ግን ሙዚየም ብቻ አይደለችም። በከተማይቱና በአካባቢዋ የአውሮፕላን ዕቃ የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሉ። ኤርባስ ኤ 400 ኤም የተባለው ትልቅ የጭነት አውሮፕላን የሚበርባቸው ባለ ስምንት ምላስ መዘውሮች የሚሠሩት በዚህች የገጠር ከተማ ነው። ቅዳሜ ጧት ደግሞ ካርኖ በሚባለው አደባባይና በዙሪያው ገበያ ይቆማል። የፍየል ዐይብ፣ ማርና ፍራፍሬ የያዙ ገበሬዎች ከየመንደሩ ይመጣሉ። ሻጭና ገዢ እጅ ለእጅ ተጨባብጠው፣ ስለ ዝናቡና ስለ ልጆቹ ተጠያይቀው፣ ዋጋው የሚነሣው ከዚያ ወዲያ ነው። በዚህስ ረገድ እንግድነት አልተሰማንም።

አሁን ፊዣክን ስለ መረጥንበት ምክንያት እንናገር። በ1790 ዓ.ም.፣ በታኅሣሥ ወር በ23ኛው ቀን፣ በዚህች ከተማ ከአንዲት ጠባብ መንገድ ዳር ከአንድ መጽሐፍ ነጋዴ ቤት ሕፃን ተወለደ። ስሙም ዣን ፍራንሷ ሻምፖሊዮን ተባለ። የጥንት ግብጻውያንን ጽሕፈት ያነበበው እርሱ ነው። የተወለደበት ቤት ዛሬ የዓለም ጽሕፈቶች ሙዚየም ሲሆን፣ በፊት ለፊቱ ላይ የልዩ ልዩ ሕዝቦች ፊደላት ተቀርጸው ይታያሉ። ከቤቱም አጠገብ በአሮጌ ቤቶች የተከበበ አንድ አደባባይ አለ። የአደባባዩ ወለል አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ነው። ርዝመቱ 14 ሜትር፣ ወርዱ 7 ሜትር ነው። አሜሪካዊው የሥነ ጥበብ ሰው ጆሴፍ ኮሱት በ1991 ዓ.ም. ያስቀመጠው የሮዜታ ድንጋይ አምሳል ሲሆን፣ የተሠራው ከአፍሪካ፣ ከዚምባብዌ በመጣ ጥቁር ድንጋይ ነው። ሰው ሁሉ በላዩ ይራመድበታል። ልጆች ከአንዱ መሥመር ወደ ሌላው እየዘለሉ ይጫወቱበታል።

ዋናው የሮዜታ ድንጋይ በ1799 ዓ.ም. የናፖሊዮን ወታደሮች በግብጽ ምሽግ ሲሠሩ ያገኙት ነው። ከ1802 ዓ.ም. ጀምሮ የሚገኘው በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ196 ዓመት ካህናት ስለ ንጉሥ ጰጥሎሜዎስ 5ኛ ያወጡት ድንጋጌ በሦስት ዓይነት ጽሕፈት ተቀርጾበታል። በላይ በሥዕል የሚጻፈው የካህናቱ ጽሕፈት፣ በመካከል ሕዝቡ ይጠቀምበት የነበረው ፈጣን ጽሕፈት፣ በታች ደግሞ የግሪክ ጽሕፈት ነው። ግሪኩን ሊቃውንት ያነብቡታል። የሥዕሉን ጽሕፈት ግን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዘመኑ ከሚታወቀው ሁሉ የመጨረሻው የሥዕል ጽሕፈት የተጻፈው በ394 ዓ.ም. ነውና፣ ከ1,400 ዓመት በላይ ዲዳ ሆኖ ኖሯል።

ብዙ ሊቃውንት ሞከሩ። ከእነርሱም አንዱ እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ ነበር፤ በክብ መሥመር ውስጥ የተጻፉት ምልክቶች የነገሥታት ስሞች መሆናቸውን ይዞ በጥቂቶቹ ላይ በርትቶ ሠርቷል። ሻምፖሊዮን ግን ሌሎቹ በሚገባ ያልያዙት አንድ መሣሪያ ነበረው። ይኸውም የቅብጥ ቋንቋ ነው። የቅብጥ ቋንቋ የጥንቱ የግብጽ ቋንቋ የመጨረሻ ልጅ ነው። በሻምፖሊዮን ዘመን ሕዝቡ ዐረብኛ ይናገር ስለ ነበረ፣ ቅብጥ የሚሰማው በቤተ ክርስቲያን በቅዳሴ ጊዜ ነበር። ሻምፖሊዮን ገና ጐልማሳ ሳለ በፓሪስ ይኖሩ ከነበሩ አንድ የቅብጥ ቄስ ዘንድ እየሄደ ንባቡን ይማር ነበር። የዘመኑ ሊቃውንት ለቅዳሴ እንጂ ለሌላ የማይጠቅም ቋንቋ አድርገው ሲቈጥሩት፣ እርሱ ቀንና ሌሊት አጠናው።

ጥቅሙ በ1822 ዓ.ም. በመስከረም ታየ። ሻምፖሊዮን ከአንድ የግብጽ ቤተ መቅደስ የተገለበጠ የንጉሥ ስም ቀረበለት። የመጀመሪያው ምልክት የፀሐይ ሥዕል ነበር። ፀሐይ በቅብጥ «ሬ» ትባላለች። የመጨረሻዎቹ ሁለት ምልክቶች «ሰ» መሆናቸውን ከሌላ ስም ያውቅ ነበር። በመካከል ያለው ምልክት በሮዜታ ድንጋይ ላይ ግሪኩ ስለ ልደት በሚናገርበት ስፍራ ይገኛል። መውለድ በቅብጥ «ሚሴ» ነው። ሬ፣ ሚስ፣ ስ ብሎ ቢያገጣጥመው ራምሴስ ሆነ! ወደ ወንድሙ መሥሪያ ቤት ሮጦ ገብቶ አገኘሁት ብሎ ከጮኸ በኋላ ራሱን ስቶ ወደቀ ይባላል። በዚያው ወር በ27ኛው ቀን ግኝቱን ለፓሪስ ሊቃውንት ጉባኤ አቀረበ። ከአሥር ዓመት በኋላም፣ በ1832 ዓ.ም.፣ በ41 ዓመቱ ሞተ። ያላሳተመውን ሰዋስው ያሳተመለት ታላቅ ወንድሙ ነው።

ይህን ሁሉ በማስታወሻ ደብተራችን ለመጻፍ ከጥቁሩ ድንጋይ ዳር ካለው ደረጃ ላይ ተቀምጠን ሳለን፣ አንድ ሽማግሌ ቀርበው ከአጠገባችን ቆሙ። ዕድሜያቸው ሰማንያ የሚሞላ፣ በጡረታ ላይ ያሉ የትምህርት ቤት መምህር መሆናቸውን በኋላ ነገሩን። ደብተራችንን አይተው፣

«ይቅርታ፣ ይህ የየት አገር ጽሕፈት ነው?» አሉ።

«የኢትዮጵያ ነው፣ ጌታዬ» አልናቸው በተማርናት ጥቂት ፈረንሳይኛ።

ደስ ብሏቸው አጠገባችን ተቀመጡ። ስማቸውን በፊደላችን ጻፍንላቸው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው በሰባት ድምፅ እንደሚራቡና 231 እንደሚሆኑ አስረዳናቸው። እኛም ኰራን፤ እንደ መምህር ሆንን። ከዚያም ሽማግሌው የጥንቱ ቋንቋችሁም በዚህ ፊደል ይጻፋልን ብለው ጠየቁ። አዎን፣ ግእዝ ይባላል፣ ዛሬም በቤተ ክርስቲያን ይነበባል አልናቸው። እንግዲያው አንዲት መሥመር ጻፍልኝ ቢሉን፣ ከአያታችን ዳዊት በልጅነታችን በቃል የያዝናትን አንዲት መሥመር ጽፈን፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን አነበብንላቸው።

«መልካም ነው። አሁን ደግሞ ይህ ቃል ምን ማለት ነው? ይህኛውስ?» እያሉ በጣታቸው አንድ በአንድ ያሳዩን ጀመር።

አንባብያን ሆይ፣ እዚህ ላይ አፈርን። የመሥመሯን ሐሳብ በጥቅሉ እናውቃለን። ቃላቱን ግን አንድ በአንድ ለይተን መፍታት አልቻልንም። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪያችንን ከያዝን ሁለት ዓመት አልሞላንም፤ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ያለ መዝገበ ቃላት እናነባለን። የአያታችንን መጽሐፍ ግን ድምፁን እናሰማለን እንጂ አንሰማውም። ሽማግሌው ማፈራችንን አይተው ዝም አሉ። ጥቂት ቆይተውም ሻምፖሊዮን በወጣትነቱ ካጠናቸው የምሥራቅ ቋንቋዎች መካከል የኢትዮጵያም ቋንቋ እንደሚገኝበት በትሕትና ነገሩን። ከዚህ ከተማ የወጣ የመጽሐፍ ነጋዴ ልጅ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የእኛን ቋንቋ ለመማር ሲደክም፣ እኛ ከደጃችን ሆነን አልተማርነውም ማለት ነው።

ሽማግሌው ግን ሊያሳፍሩን የመጡ ሰው አልነበሩም። የራሳቸውን ነገር አጫወቱን። የዚህ አገር የጥንት ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሳይሆን ኦክሲታን ነው። አያታቸው ከብት ሲጠሩም፣ ሲጸልዩም፣ ሲቈጡም በዚሁ ቋንቋ ነበር። በትምህርት ቤት ግን ይህን ቋንቋ የተናገረ ልጅ ይቀጣ ስለ ነበረ፣ እናታቸው ልጄ እንዳይጐዳብኝ ብለው በፈረንሳይኛ ብቻ አሳደጓቸው። «አያቴ የሚሉትን እሰማ ነበር፤ መመለስ ግን አልችልም ነበር። እርሳቸው ሲሞቱ በቤታችን ውስጥ ቋንቋው አብሮ ሞተ» አሉን። ዛሬ ቋንቋውን በትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ። ነገር ግን ከመጽሐፍ የሚማሩት እንጂ ከእናት ጡት ጋራ የሚያገኙት እየጠፋ ሄዷል። እኚህ ሰው ዕድሜ ልካቸውን ፈረንሳይኛ ሲያስተምሩ ኖረው፣ አሁን በጡረታቸው ኦክሲታንን ከልጅ ልጃቸው ጋራ በማታ ይማራሉ።

ስንሰነባበት ከወንዙ ድልድይ ድረስ ሸኙን። በመንገድም ላይ ከተማይቱ በ1944 ዓ.ም. በግንቦት ወር በ12ኛው ቀን ያየችውን መከራ ነገሩን። በዚያን ዕለት የጀርመን የኤስ ኤስ ወታደሮች ከተማይቱን ከበው ወንዶቿን ሰበሰቡ። ከ500 የሚበልጡት ወደ ጀርመን የእስረኞች ሰፈር ተወሰዱ፤ ከመቶ የሚበልጡትም አልተመለሱም። የካቲት 12 ቀንን የሚያስብ ኢትዮጵያዊ ይህን ሰምቶ የሚመልሰው ቃል አያገኝም። እኛም ራሳችንን ዝቅ ከማድረግ በቀር ምንም አላልንም። «ከተማ የምትኖረው ስሞቿን እስካነበበች ድረስ ነው» አሉን ሽማግሌው፤ እጃችንንም ጨብጠው ተመለሱ።

በባቡሩ ውስጥ ሆነን ነገሩን ስናወጣና ስናወርድ መጣን። በዓለም ላይ ቅብጥ ለግብጽ የሆነውን ያህል ግእዝ ለእኛ ቢሆን ነው። እንዲያውም ለሌላውም ሆኗል። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የቀረው በግእዝ ብቻ ነው። ከአገራችን ቅጂዎቹን ወደ አውሮጳ የወሰደው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ሲሆን፣ ከግእዝ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ የታተመው በ1821 ዓ.ም. ነው፤ ሻምፖሊዮን ጽሕፈቱን ከመፍታቱ ከአንድ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ከ1947 ዓ.ም. ወዲህ በሙት ባሕር ዋሻዎች የመጽሐፉ የአራማይክ ቍርጥራጮች ሲገኙ፣ ሊቃውንቱ ከሙሉው መጽሐፍ ጋራ ለማስተያየት የተመለሱት ወደዚሁ ግእዝ ነው። በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎችም ብራናቸው በሳይንስ ሲመረመር ከ330 እስከ 650 ዓ.ም. ባለው ዘመን ውስጥ የተዘጋጀ መሆኑ ተገልጿል። ይህን ሁሉ እናውቃለን፤ በንግግር ጊዜም እንጠቅሰዋለን። መጥቀስና ማንበብ ግን አንድ አይደሉም።

ጽሕፈት የሚሞተው ድንጋዩ ሲሰበር ብቻ አይደለም። የሚያነበው ሰው ሲያንስ፣ አንባቢውም ድምፁን ብቻ ይዞ ትርጕሙን ሲተው፣ ቀስ እያለ ይሞታል። የግብጽ ጽሕፈት ድንጋዩ ሁሉ በስፍራው ቆሞ ሳለ ነው የሞተው። እንዲነሣም ያደረገው አንድ ልበ ብርቱ ወጣትና፣ ቋንቋውን በቅዳሴ የጠበቁ ስማቸው እምብዛም የማይነሣ ካህናት ናቸው። የእኛ ካህናትና ደብተራዎች ገና በሕይወት አሉ። በየሰፈራችን፣ ከየቤታችን የአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ አሉ። እንደ ሻምፖሊዮን ባሕር ማዶ ያለውን አገር ቋንቋ ለማግኘት ብለን የምንደክምበት ምክንያት የለንም።

አዲስ አበባ በገባን በሳምንታችን እሑድ ወደ አያታችን ቤት ሄድን። አያታችን ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ዳዊታቸው በማኅደሩ እንዳለ በሣጥን ውስጥ፣ ከነጠላቸው ጋራ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሴት አያታችን «ደግሞ ዛሬ ምን ሊያደርግላችሁ ነው?» እያሉ አወጡልን። እኛም ይዘን በሰፈሩ ካሉት መሪጌታ ዘንድ ቀረብን። መሪጌታ መጽሐፉን ተሳልመው ገለጡትና ስንት ዓመት ተማርክ ብለው ጠየቁን። አሥራ ስድስት ዓመት ብለን መለስን። ጥቂት ፈገግ ብለው፣ እንግዲያው ሀ ብለን እንጀምር አሉን። በየሳምንቱ ሁለት ማታ እየሄድን ነው። እስከ አሁን የፈታነው ገጽ ሁለት ብቻ ነው፤ ቢሆንም ለሽማግሌው የጻፍንላቸውን መሥመር ዛሬ ቃል በቃል እናውቀዋለን። ትርጓሜውንም በፈረንሳይኛ ጽፈን በፖስታ ልከንላቸዋል።